ጉድጓዱ ሳይተነፍስ

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ለደሄቦ አባት ከአንድ ጉድጓድ ማሽላና ከአንዲት ፍየል በቀር የቀረለት ነገር አልነበረም። ቤታቸው ዋሂል አጠገብ ነው። በዚያ አገር እህል የሚቀመጠው ከመሬት በታች ነበር። አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ የሆነ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ውስጡ በእበት ይለቀለቃል፣ እህሉ ከገባ በኋላ አፉ በድንጋይና በጭቃ ይደፈናል። ሲከፈት ደግሞ ሕግ አለው። ድንጋዩ ተነሥቶ ጉድጓዱ እንዲተነፍስ ይተዋል። ቀጥሎ የሚነድ ችቦ በገመድ ይወርዳል። ችቦው ከጠፋ ሰው አይወርድም።

ያን ቀን አባትየው ፍየሏን ሊሸጥ ድሬዳዋ ሄዶ ነበር። እናትየው ታማ ተኝታለች። የደሄቦ ታላቅ ወንድም አብዲራህማን ገና ጢም ያላወጣ ልጅ ነው፤ ነገር ግን አባት በሌለበት ቤቱ በእሱ ትከሻ ላይ እንደ ወደቀ ተሰምቶታል።

«አባ እስኪመጣ ነቀዙ ይጨርሰዋል» አላት።

«ችቦውስ?»

«ችቦ የሚሆን ነገር ከየት ይምጣ? ፍየሏ እንኳ የምትበላው ድርቆሽ አጥታ አይደል የምትሸጠው?»

ድንጋዩን ሁለቱ ገፍተው አነሡት። አብዲራህማን ወዲያው ገባ። ደሄቦ ከላይ ሆና ጆንያውን እስኪያቀብላት ጠበቀች። ጠራችው፤ መልስ የለም። ጎንበስ ብላ ስታይ ማሽላው ላይ እንደ ተኛ ሰው ጋደም ብሏል። ጆንያ የሚጎተትበትን ገመድ ወገቧ ላይ ቋጠረች፣ ሌላውን ጫፍ አጠገቡ ካለው ግራር ጋር አሰረችና ተከትላው ገባች። ከዚያ በኋላ የምታስታውሰው ጉልበቷ መክዳቱን ብቻ ነው። በመንገዱ የሚያልፍ ግመል ነጂ ገመዱ ተወጥሮ አይቶ ጎተታት። እሷ ተነፈሰች። ወንድሟ አልተነፈሰም።

የሰፈሩ ወንዶች ተሰብስበው፣ ጠብቀው፣ ችቦ አውርደው፣ በመጀመሪያ ልጁን አወጡ፤ ቀጥሎ እህሉን። እህሉ የመኮምጠጥ ሽታ ነበረው እንጂ ደህና ነበር። ደሄቦ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ ሴቶቹ ማሽላውን ሲያበጥሩ ታይ ነበር። ነቀዙ ሁሉ ሞቷል። እንደ ገለባ ከሰፌዱ ጠርዝ ይወርዳል። ከቀብር መልስ ያንኑ እህል በሉ፤ ሌላ አልነበረም።

ይህን ከራሷ አንደበት የሰማሁት ከብዙ ዓመት ጉርብትና በኋላ ነው። ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ ግቢያችን አጥር ለአጥር ነው። ደሄቦ ወደ ከተማ የመጣችው ለሰው እህል ልታበጥር ነበር። ቀፊራ ገበያ ዳር ተቀምጣ የነጋዴዎችን ማሽላና በቆሎ ስታበጥር ኖራ፣ ኋላ የራሷን መደብ ያዘች። ባል አገባች፣ ባሏ ሞተ፣ መደቡን አልለቀቀችም። የታናሽ ወንድሟ ልጅ ሳላሕ ከዋሂል መጥቶ አብሯት ይሠራል። «ኤዶ» ይላታል፤ በሶማሊኛ የአባት እህት ማለት ነው። እሱን ሰምቶ ግቢው ሁሉ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ኤዶ ይላታል።

በግቢዋ ጥግ የእህል መጋዘን አላት። ከመጋዘኑ ጋር አንድ ግድግዳ የሚጋራውን ክፍል ለስምረት አከራይታለች። ስምረት አያቷ የባቡር ሠራተኛ የነበሩ ልብስ ሰፊ ናት፤ ማርቲ የምትባል ትንሽ ልጅ አለቻት። በመካከላቸው ያለው ግድግዳ ጣሪያው ድረስ አይደርስም። ሙቀቱ እንዲወጣ ግንበኛው ከላይ ክፍት ትቶታል። ስለዚህ ማርቲ ስታለቅስ መጋዘኑ ውስጥ ይሰማል፤ መጋዘኑ ውስጥ በርበሬ ሲገለበጥ ስምረት ታስነጥሳለች።

ብዙ እህል ነጋዴ ነቀዝ ሲበዛበት ኪኒን ይጠቀማል። ኪኒኑ በአየር ውስጥ ያለውን እርጥበት ሲያገኝ ቀስ እያለ ነጭ ሽንኩርት የሚሸት መርዝ ይለቃል። መርዙ ነቀዙን ይገድላል፤ ሰውንም አይለይም። ስምረት ልጇን ወልዳ ከሐኪም ቤት ይዛ የገባች ቀን ደሄቦ ግድግዳውን በመዳፏ መታ አድርጋ፣ «እኔ በሕይወት እያለሁ ከዚህ ወዲያ መርዝ አይገባም፤ አንቺ ዝም ብለሽ ተኚ» አለቻት። ስምረትም ተኛች።

ቃሉ ግን ከባድ ነበር። ካቻምና ያስገባችው ማሽላ ግንቦት ሳይደርስ ዱቄት ሆነ። አምናም ከዚያ አልተሻለም። እህሉ አብዛኛው የራሷ አይደለም፤ የዋሂል ዘመዶቿ በአደራ የሚሰጧት ነው። «ኪኒን አታደርግም አሉ፤ ለነቀዝ ነው እንዴ የምናርሰው?» ማለት ጀምረው ነበር።

በዚያው ሰሞን ዋሂል ውስጥ ኃይለመለኮት የሚባል የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ገበሬዎችን ሰብስቦ ያስተምር ነበር። ደሄቦም ከዘመዶቿ ጋር ተቀምጣ ሰማች።

«መድኃኒት የመጨረሻው በር ነው» አለ። «እናንተ ግን ከሁሉ አስቀድማችሁ የምታንኳኩት እሱን ነው።»

«የመጀመሪያውስ በር የቱ ነው?» አለ አንድ ሽማግሌ።

«መጥረጊያ።»

ሰዉ ሳቀ። እሱ ግን አልቀለደም። ነቀዙ ከሰማይ አይወርድም፤ ባለፈው ዓመት ጥግ ላይ ከቀረው ፍርፋሪና ከግድግዳው ስንጥቅ ነው አዲሱን እህል የሚጠብቀው አለ። ጥረጉ፣ ስንጥቁን ድፈኑ፣ አሮጌውን ከአዲሱ አትቀላቅሉ፣ ፍሬው ጥርስ ላይ ቋ እስኪል አድርቁት አለ። በመጨረሻ አንድ ጆንያ አነሣ፤ ውስጡ ሁለት ወፍራም ላስቲክ አለው። አንዱን ላስቲክ ጠምዝዞ አሰረ፣ ሁለተኛውን በላዩ አሰረ፣ ከዚያ ጆንያውን አሰረ።

«አብሮ የገባው ነቀዝ ውስጥ ያለውን አየር ተንፍሶ ይጨርሳል። ሌላ ከየትም አያገኝም። ይሞታል።»

«ጉድጓድ ነው» አለች ደሄቦ።

«ምን አልሽ?»

«ይሄ ጆንያ ጉድጓድ ነው።»

«አዎ» አላት፤ «ሰው የማይገባበት ጉድጓድ።»

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ሰጠ። ነቀዙ እስኪሞት ጆንያው አይከፈትም፣ አይበሳም። መርፌ የምታህል ቀዳዳ ካገኘ ነቀዙ ይተርፋል።

ደሄቦና ሳላሕ መጋዘኑን ባዶ አድርገው ጠረጉት፣ ስንጥቁን በሲሚንቶ ደፈኑት። አዲሱን ማሽላ ሸራ ላይ አሰጡ፤ እሷ እየነከሰች ቋ ያላለውን እንደገና አሰጣችው። አዲሶቹን ጆንያዎች ሞልተው፣ አስረው፣ ከመሬትና ከግድግዳ አርቀው ሳንቃ ላይ ደረደሯቸው። አይጥ ላስቲኩን እንዳይበሳው አንዲት ድመት አመጣች። ከዚያ በኋላ የቀረው መጠበቅ ነበር። መጠበቁ ነው ሳላሕን የበላው። ጆሮውን ጆንያው ላይ ለጥፎ ያዳምጣል።

«ኤዶ፣ ይሰማኛል።»

«ምን ይላል?»

«ይበላል። ክሽ ክሽ ይላል።»

«የመጨረሻ ምሳው ነው። አትረብሸው።»

ቀፊራም አልተኛላትም። ገዲ የሚባል ደላላ አለ፤ ምላሱ ከብረቱ ይሾላል ይባላል። ብረቱ ጫፉ የሾለ፣ ውስጡ ቦይ ያለው ዘንግ ነው። ጆንያውን ይወጋበታል፤ እህሉ በቦዩ ወደ መዳፉ ይፈሳል፤ ገዢው አይቶ፣ አሽትቶ፣ ነክሶ ይወስናል። በቀፊራ ብረት የማይገባበት ጆንያ የለም። ብረት ከልካይ ነጋዴ የሚደብቀው ነገር አለው ማለት ነው።

«ደሄቦ እህሏን በላስቲክ ከፈነችው አሉ» አለ ገዲ ገበያው መሐል። «ከፈንሽ መቼም፣ እንደ ሬሳ የሚሰግድበት ሰው ጠፋ እንዴ?»

«አንተ ብረትህን ይዘህ ራቅ በልልኝ እንጂ ሰጋጅ አይጠፋም» አለችው።

ጥቂት ቆይቶ ዋሂል ውስጥ አንዲት አክስቷ ሞተችና ደሄቦ ለቅሶ ሄደች። ስትወጣ ለሳላሕ የነገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አይበሳ።

እሷ በሌለችበት ገዲ ገዢ ይዞ መጣ።

«አትውጋ ብላለች» አለ ሳላሕ በሩ ላይ ቆሞ።

«ብረት የሚፈራ ማሽላ ዛሬ ገና አየሁ። አቦ፣ ሰውየው ፊት አታዋርደኝ።»

«ኤዶ ስትመጣ...»

«ኤዶህ ስትመጣ ሰውየው ሌላ ቤት ገዝቶ ሄዷል። አንተ ወንድ ነህ ወይስ ዘበኛ?»

ሳላሕ ከበሩ ዞር አለ። ገዲ የፊተኛውን ረድፍ ጆንያ በሙሉ ወጋ፤ ልማዱ ነው፣ አንዱን ወግቶ ሌላውን አይተውም። የኋላው ረድፍ ብቻ እጁ ስላልደረሰ ተረፈ። ማሽላው መዳፉ ላይ ሲፈስ ነቀዙም አብሮ ወረደ፤ ተንቀሳቀሰ፣ በጣቶቹ መካከል ሄደ። ጊዜው ገና ነበር። ገዢው ትቶት ወጣ። ገዲም መዳፉን አራግፎ ተከተለው።

ሳላሕ ቀዳዳዎቹን በጨርቅ ወተፋቸው። በማግስቱ ጆሮውን ቢያስጠጋ ክሽክሽታው በርትቷል። ደሄቦ ተሳስታለች ብሎ ደመደመ። ዘንድሮም እህሉ ዱቄት ከሆነ ዋሂል ሄዶ የገዛ አባቱን ፊት ማየት አለበት። ኪኒን ገዛ። ደሄቦ ሳትመለስ መርዙ ሥራውን ጨርሶ ይወጣል ብሎ አሰበ። በየተበሳው ጆንያ ከተተ፣ ሸራ አለበሰ፣ በሩን ዘጋ። ሸራው ካለ መርዙ አያመልጥም መሰለው። ለስምረት አልነገራትም፤ ብትሰማ ለደሄቦ ትደውላለችና።

ግንቦት ነበር። በግንቦት ድሬዳዋ ምሳዋን በልታ በሯን ትዘጋለች፤ ሱቁም ቤቱም ፀጥ ይላል፣ መንገዱ ላይ ባጃጅ እንኳ አይታይም። ደሄቦ በማግስቱ ነበር የምትጠበቀው። የጭነት መኪና አግኝታ ቀድማ መጣችና በዚያ ፀጥታ ውስጥ የግቢዋን በር ከፈተች።

ነጭ ሽንኩርት ሸተታት። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ሰዓት ነጭ ሽንኩርት የሚልጥ ሰው የለም።

ድመቷ መጋዘኑ በር ስር ተዘርግታለች። ድመት በሙቀት እንዲህ ትተኛለች። ደሄቦ በእግሯ ነካ አደረገቻት። አልተነሣችም።

ሳላሕ በግቢው ሌላ ጥግ ከአንድ ዛፍ ስር ምንጣፍ ላይ ተኝቷል። ቀሰቀሰችው።

«ምን አስገባህ?»

«ኤዶ፣ መጣሽ እንዴ? ነገ አይደል...»

«ምን አስገባህ ነው ያልኩህ።»

«ኪኒን» አለ ዓይኑን እያሸ። «ሸራ አልብሼዋለሁ። ምንም አይልም።»

«ስምረት የት ናት?»

ሳላሕ ወደ ተዘጋው በር አየ። ዓይኑ ከበሩ ወደ ጣሪያው ወጣ፤ ግድግዳው የማይደርስበትን ቦታ ያኔ ገና ያየው ይመስል። ዘሎ ተነሣ። ከበርሜሉ ባልዲ ሙሉ ውሃ ቀድቶ ወደ መጋዘኑ ሮጠ።

ደሄቦ ሽርጡን ከኋላ ያዘች። ቋጠሮው ተፈታ፤ ሳላሕ በቁምጣ ቀረ፤ እሷ ግን አልለቀቀችም፣ በሌላ እጇ ክንዱን ያዘች።

«ልቀቂኝ፣ ላጥፋው።»

«እሳት አይደለም የምታጠፋው። ውሃ ካገኘ ይብሳል። አንተም ገብተህ አትወጣም።»

«እኔ ነኝ ያስገባሁት።»

«እሱን በኋላ ታለቅስበታለህ። ባልዲውን ጣልና የስምረትን በር ስበር።»

በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል፤ ማርቲ እየሮጠች ፀሐይ ላይ እንዳትወጣ ስምረት ሁልጊዜ ትቀረቅረዋለች። ደሄቦ ስሟን እየጠራች ደበደበች። መልስ የለም። ሳላሕ በትከሻው መታው፣ ደግሞ መታው፣ ሦስተኛው ላይ መቀርቀሪያው ተነቀለ። ሊገባ ሲል አሁንም ያዘችው። ጆንያ የሚታሰርበትን ገመድ ከደጃፉ አንሥታ ወገቧ ላይ ቋጠረችና ጫፉን እጁ ላይ ጠቀለለችው።

«ከዘገየሁ ጎትት። አትግባ። ምንም ብታይ አትግባ።»

አየር በአፏ ሙሉ ስባ ገባች። ማራገቢያው ይዞራል። ስምረት ወለሉ ላይ ባለው ፍራሽ ተኝታለች፤ ማርቲ ክንዷ ላይ፣ ያስመለሰችው ነገር አገጯ ላይ ደርቋል። መስኮቱን በርግዳ ልጅቷን አነሣችና ወጣች። በሩ ሲሰበር ሰምቼ በአጥሩ በር የደረስኩት ያኔ ነው። ልጅቷን እጄ ላይ አስቀመጠችና ሁለተኛ ገባች።

ስምረት ከባድ ነበረች። ደሄቦ በብብቷ ይዛ ጎተተቻት። ደፍ ላይ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት የያዘችው አየር አለቀና ተነፈሰች። ጉልበቷ ከዳት። ያንን ስሜት ታውቀዋለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ አልረሳችውም። የስምረትን ቀሚስ እጇ ላይ ጠምዝዛ ያዘች እንጂ ሌላ ያደረገችው ነገር የለም። ሳላሕ አልገባም። ገመዱን ጎተተ። ሁለቱም አብረው ወጡ።

ግቢውን ሰው እንዳይገባበት አድርገን በባጃጅ ወደ ሐኪም ቤት ሄድን። መርዙ ማርከሻ የለውም፣ ልባቸውን እየተከታተልን እንጠብቃለን አለ ሐኪሙ። ደሄቦ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። እሷ ራሷም ታማለች፤ ሊያስመልሳት ሲል ሻሿን አፏ ላይ ይዛ ትነሣለች፣ ተመልሳ ያው ቦታ ትቀመጣለች። ሳላሕ ሽርጡን እንደገና አሸርጦ ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብሏል። ሲመሽ ገዲ መጣ። ያለ ብረቱ ያየሁት በዚያ ቀን ብቻ ነው። ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጠና እጆቹን የሚያስቀምጥበት አጣ።

መጀመሪያ ድምፅ ያሰማችው ማርቲ ናት። አለቀሰች፤ የራብ ልቅሶ። ደሄቦ ያን ጊዜ ነው ፊቷን በሁለት እጇ የሸፈነችው። ስምረት ዓይኗን የገለጠችው ከዚያ ብዙ ቆይታ ነው።

«ኤዶ፣ በሬን ማን ሰበረው?»

«ሳላሕ።»

«ይሠራዋል» አለችና ዓይኗን መልሳ ጨፈነች።

ኃይለመለኮት መከላከያ ጭንብል ካላቸው ሰዎች ጋር መጥቶ ኪኒኑንና የተበሱትን ጆንያዎች አወጣ። ያ እህል ጠፋ። ደሄቦ ዋሂል ድረስ ሄዳ ለየባለቤቱ ራሷ ነገረች፤ የሳላሕን ጥፋት አልደበቀችም፣ አላበዛችውምም። አንዳንዱ ዘመድ እስከ ዛሬ ያኮርፋታል።

የኋላው ረድፍ ግን ጊዜውን ጠበቀ። ሊከፈት ሲል ገዲንም አስጠራችው። ሳላሕ ቋጠሮውን ፈታ፣ አንዱን ላስቲክ፣ ሁለተኛውን። ደሄቦ በሰፌድ ቀዳች። ነቀዙ እንደ ገለባ ከሰፌዱ ጠርዝ ወረደ። አንድም የሚንቀሳቀስ አልነበረበትም። ደሄቦ ሰፌዱን እንደያዘች የወረደውን በጣቷ ነካካችው፤ በሐሳብ ወዴት እንደሄደች ከሁላችን እኔ ሳልገምት አልቀረሁም።

«አልሰገድንባቸውም» አለ ገዲ የሞቱትን ነቀዞች እያየ።

ስምረት ከበሯ ላይ ሆና ሳቀች፤ ማርቲም እናቷን አይታ ሳቀች።

አሁን ገዲ ደሄቦ መጋዘን ሲመጣ ብረቱን በር ላይ ያስቀምጣል። ለገዢው ተከፍቶ የተለየ አንድ ጆንያ አለ፤ ከዚያ ያሳያል። ዋሂል ውስጥም እህላቸውን በዚያ ዓይነት ጆንያ የሚያስሩ ቤቶች በዝተዋል ሲባል ሰምቻለሁ።

ይህን ልጽፍ ስነሣ በሕይወትሽ ከሠራሽው ሁሉ የሚበልጠው የቱ ነው ብዬ ጠየቅኋት። የጆንያ አፍ እየጠመዘዘች ነበር፤ አስራ ሳትጨርስ አልመለሰችልኝም።

«ሰው ሁሉ የሚያነሣብኝ እህሉ መትረፉን ነው» አለች። «እህል ይመጣል፣ ይሄዳል። አብዲራህማን ወደ ጉድጓዱ ሲገባ እኔ ከኋላው ነበርኩ። እጄ ይደርስ ነበር። ልጅ ነኝ፣ መያዝ እንዳለብኝ አላወቅሁም፤ የሚይዘው ሌላ ሰውም አልነበረም። ሳላሕን ግን ያዝኩት። በቁምጣ አስቀረችህ እያሉ እስከ ዛሬ ጓደኞቹ ይስቁበታል፤ እሱም ያፍርብኛል። ይፈር። ቆሞ ነው የሚያፍረው።»